ያልሞላው ሰባት ቀን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሐሙስ ከመሐል ሜዳ በመጣው አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ገባች። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። የያዘችውን የበሶ ከረጢት ተቀብዬ ወደ ጓዳ ላስገባ ስል ከሥሩ አንድ ከባድ ነገር ጉልበቴን መታኝ። እጄን እስከ ክርኔ በሶው ውስጥ ሰድጄ ጎትቼ አወጣሁት። ከበግ ጠጉር በተሠራ የአሮጌ ባና ቁራጭ የተጠቀለለ ድንጋይ ነበር። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ መዳፍ የሚሞላ፣ በአንድ ጎኑ እሳት በልቶት አመድማ የሆነ የወንዝ ድንጋይ።

«እማዬ ስጪያት ብላኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም» አለች ልጅቱ፣ የጫማዋን ክር እየፈታች።

ባናውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። በሶው ቢነሰነስበትም የተለበለበ የበግ ጠጉር ሽታው አልጠፋም፤ ከሥሩ ደግሞ የኩበት ጭስ አለ። ይህን ሽታ አሥራ አምስት ዓመት አላሸተትኩትም። ልንገርሽ፣ እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን ልጅቱ እንዳታየኝ ሻይ ልጣድ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ያኔ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ እህቴ አሥረኛ። መንደራችን ከመሐል ሜዳ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለጠፈ፣ መስኮቷ ከአንድ ዳቦ የማትበልጥ ክፍል ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያች መስኮት ገብታ አልጋችን ላይ ጥቂት ትቆይና ትሄዳለች። እሑድ እሑድ ከቤት በሶ፣ ቆሎና ደርቆሽ ተሸክመን እንመጣለን፤ እስከ ዓርብ ያንኑ ስንበላ እንከርማለን። አከራያችን ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ሴት ነበሩ። ከእሳቸው አፍ «በሩን ዝጉ» እና «መብራቱን አጥፉ» ከሚሉት በቀር ሌላ ቃል ሰምተን አናውቅም። እንፈራቸው ነበር።

እህቴ በትምህርት ከእኔ እጅግ ትሻል ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ስታገለው የዋልኩትን የሒሳብ ጥያቄ እሷ ቆሎ እየቆረጠመች በአንድ ዓይኗ አይታ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» ትለኛለች። ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። አሥረኛ ክፍል ላይ የሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተና ደግሞ ያን ጊዜ የሁሉም ነገር በር ነበር፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ ያላለፈ ስንቁን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስትስቅ ጥርሷን ለመሸፈን እጇን ወደ አፏ ታነሣ ነበር። ልጇም እንዲሁ ናት፤ ሐሙስ ዕለት አየኋት።

ይህቺ የምነግርሽ እህቴ ግን በወር ውስጥ ለሦስት ሳምንት ነበር የምትገኘው። በአራተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ትሆናለች። ሆዷ ተነፍቶ የቀሚሷ ቁልፍ አይገጥምም። ጡቷን ስለሚያማት ደብተር እንኳ ደረቷ ላይ ማቀፍ ትተዋለች። ራሷን በሻሽ ጠፍራ ታስራለች። እርሳስ ከእጇ ቢወድቅ ታለቅሳለች። ቆሎ ስበላ «ምን ጆሮዬ ላይ ትፈጫለሽ» ብላ ትጮህብኝና ወዲያው ደግሞ አንገቴን አቅፋ ይቅርታ ትለኛለች። «እኔ አይደለሁም፤ ምን እንደምሆን አላውቅም» ትል ነበር። ይህችን ቃል ባትናገራት ኖሮ ስል ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ቤት ለእረፍት በሄድን ጊዜ እናታችን ሰማቻት፣ አባባ ሰሙ፣ ጎረቤትም ሰማ። «እኔ አይደለሁም» የሚል ሰው በእኛ አገር ያለው ትርጉም አንድ ነው። የለከፈው ነገር አለ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ የጥምቀት እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ እህቴ ወጥ ስታወጣ ያለ ምንም ምክንያት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ አባባ በበቅሎ ጭነው ገደል ሥር ወዳለ ጠበል ወሰዷት። ሰባት ቀን ልትጠመቅ ነበር። በአራተኛው ቀን የወር አበባዋ መጣ። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ጠበል ስለማትገባ ከዚያው ወጣች። ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን እጇን ወደ አፏ እያነሣች ትስቅ ጀመር። አባባ ደስታቸውን መሸከም አቃታቸው። «አራቱ ቀን እንዲህ ካደረጋት ሰባቱ ቢሞላ ኖሮማ» አሉ።

በመጋቢት ሲብስባት ደግመው ወሰዷት። በአምስተኛው ቀን እንደገና ደሙ መጣ፤ እንደገና ወጣች። በዚህን ጊዜ የመንደራችን አንድ አዛውንት ነገሩን ፈቱት። «ጠበሉ ሲበረታበት ጊዜ የለከፋት ነገር ደሙን እያመጣ ያስወጣታል። ሰባቱን ቀን ፈርቶ ነው» አሉ። ማንም አልተጠራጠረም።

እስኪ አስቢው። ሕመሙ የሚመጣው ደሙ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ነው። የሚወስዷትም ሲብስባት ነው። እንግዲህ ሰባት ቀን በምን ተአምር ይሙላ? ዛሬ ጣት ቆጥሮ የማይደርስበት ሰው የለም። ያኔ ግን እኔም ራሴ አዛውንቱን አምኜ፣ ከገዛ እህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስተኛ ቀስ ብዬ አማትብ ነበር። እያወቀች ዝም ትለኝ ነበር።

ዓይኔን የገለጠችልኝ የባዮሎጂ መምህርታችን ናት። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴት ተማሪዎችን ለብቻ ትሰበስብ ነበር። እኔ የምሄደው ሳሙና ስለሚታደል ነው፤ አልዋሽሽም። አንድ ረቡዕ በሩን ዘጋችና ጠመኔውን በመዳፏ እያሽከረከረች፣ አንዳንድ ሴት የወር አበባዋ ሊመጣ ሰሞን ሆዷ እንደሚነፋ፣ ራሷን እንደሚያማት፣ ሆድ እንደሚብሳትና በትንሹ እንደምትቆጣ ነገረችን። «እብደት አይደለም፤ ልክፍትም አይደለም። ሰውነት ነው። ሲመጣ ይቀላል» አለች። ጨውና ቡና ቀንሱ፣ ጦማችሁን አትዋሉ፣ ትንሽ ትንሽ ብሉ፣ በእግር ሂዱ፣ በጊዜ ተኙ፣ ሆዳችሁን በሞቀ ነገር ያዙ አለችን። የጠናባት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ አለች። «ከሁሉ በፊት ግን ቀኑን ጻፉ» አለች። ሳሙናዬን ሳልቀበል ሮጬ ወጣሁ።

እህቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ሌላም ሰው ይሆናል ማለት ነው?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት ግን እምቢ አለች፤ እዚያ የሚሠራው ሰውዬ የአባባ ወዳጅ ነበር። እኔ የጂኦግራፊ ደብተሬን ከጀርባው ገልጬ ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ያለፉትን ሁለቱን የጠበል ጊዜያት ከአእምሯችን አውጥተን ጻፍናቸው። የከፋባትን ቀን በመስቀል፣ ደሙ የመጣበትን በክብ። በሚያዝያ መስቀሎቹ ተደርድረው ክቡ ከመጨረሻቸው ቁጭ አለ። ዓይናችን እያየ ልክፍቱ ሰልፍ ይዞ ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ እኔ ሆንኩ። ጨዉን ከእሷ እደብቃለሁ። እሷ በሶዋን በጨውና በበርበሬ ካልሆነ አትወድም ነበር፤ «ጨዌን አምጪ፣ አንቺ ቀማኛ» እያለች ፍራሹን ትገለብጣለች። ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ አጠጣታለሁ። ከትምህርት ስንወጣ ደብተራችንን ጥለን ከከተማው ጫፍ ወዳለው ሣር ሜዳ እንሄዳለን። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲመጣ ሣሩን ሁሉ ወደ እኛ ያስተኛዋል፤ የእርጥብ መሬትና የበግ ሽታ ይዞ ይመጣል። ስንሄድ ከእኔ ቀድማ፣ ዝም ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። ስንመለስ ግን ጎን ለጎን ነን፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ መምህራኑ ታወራለች። አልዳነችም። ቀለል አላት እንጂ። እንባውም አልቀረም፤ እያለቀሰች ማንበብ ግን ለመደች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ በሕመሙ ተጠቅልላ ተኝታ ሳለ በሩ ተከፈተ። አከራያችን ናቸው። መብራት ሊያስጠፉን መስሎኝ ተነሣሁ። እጃቸው ላይ በባና ቁራጭ የተጠቀለለ የጋለ ድንጋይ ይዘዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ብርድ ልብሱን ገልጠው እህቴ ሆድ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። የሞቀው የበግ ጠጉር ሽታ ክፍሏን ሞላ።

«ሲቀዘቅዝ አምጪልኝ፤ ምድጃው ውስጥ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ እህቴን አየት አድርገው «እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር» አሉና ወጡ። ለማን ነግረው እንደሚያውቁ አልጠየቅናቸውም። እህቴ ያን ቀን ከሰዓት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትተኛ ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ ዛሬም አልረሳሁትም።

የፋሲካ ዕረፍት ሲደርስ ደብተሩን ይዤ እናታችን ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ገብስ ስታበጥር አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እሱማ የሴት ልማድ ነው፤ ሁላችንም ዘንድ አለ» አለች። «እኔ አለቀስኩ? አንቺ አለቀስሽ? ምነው እሷን ብቻ?»

«መምህሯ እንደ ሰዉ ነው ብላለች፤ ለአባባ ንገሪልኝ እማዬ።»

«አባትሽ ፊት? ይህንን?» አለችና ደብተሩን በክንዷ ገፋ አደረገችው። «ዝጊው። ወንድ የሚያየው ነገር አይደለም።»

ሳልጨቃጨቃት ዘጋሁት።

ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። ቀኖቹን ስቆጥር መስቀሎቹ ልክ ፈተናው ሰሞን ሊያርፉ ሆነ። እህቴ ሳነብላት «ይሁን፤ እያለቀስኩም ቢሆን እጽፋለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። ተለማምደነዋል። ጨው የለም፣ ቡና የለም፣ በጊዜ መተኛት፣ ጠዋት ተልባ፣ ማታ መራመድ፣ ከሰዓት ድንጋዩ። ያን ሰሞን እኔ ራሴ ፈተና የምቀመጥ ይመስል ነበር።

ሁለት ቀን ሲቀር የገበያ ቀን ነበር። እህቴ ድንጋዩን ሆዷ ላይ፣ የፊዚክስ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታጠናለች፤ እንባዋ እንደ ልማዱ ይወርዳል፣ እሷ በእጅጌዋ እየጠረገች ገጹን ትገልጣለች። በዚህ መሀል አባባ ጎንበስ ብለው ገቡ። እናታችን ለፈተናዋ የላከችውን ሙልሙል በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ነበር። ከእሳቸው ጋር የበቅሎ ላብና የአዲስ ዳቦ ሽታ ገባ። እንባዋን ሲያዩ ዳቦውን አስቀመጡና ራሷ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

«አይንኩኝ፣ ያመኛል» አለች። እጃቸውን አላነሡም። ድምፅዋ ከፍ አለ፦ «ተዉኝ እኮ አልኩ። ተዉኝ ላጥናበት።»

በእኛ ቤት አባባን እንዲህ ያለ ሰው የለም። እሷም ቃሉ እንደወጣት ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። አባባ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ሆዷ ላይ ያለውን አዩ፤ ባናውን ገለጥ ሲያደርጉት ድንጋይ ነው። «ይህን ማን ነው የሰጠሽ?» አሉ። እህቴ ባናውን መልሳ ሸፈነችበት። ሙልሙሉን ቆርሰው በጨው አጉርሰዋት ሊያረጋጓት ሲሞክሩ፣ ከልማድ የተነሣ «ጨው ትቻለሁ» አለች።

«በማን ትእዛዝ?» አሉ አባባ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሕመሟን ያስታገሥንበት ነገር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምስክር ሆነባት። ድንጋዩ፣ ጨዉ፣ ሲጠይቋት ደግሞ ቡና መተዋና ማታ ማታ ሜዳ ለሜዳ መሄዷ። አንድ ነገር ውስጧ ሆኖ የሚያዛት ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ብዪ ሲሏት ትተዋለች፣ ተኚ ሲሏት ሜዳ ትወጣለች።

እህቴ ከአልጋው ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ ፈተናዬን ልፈተን። ጥቂት ቀን ብቻ ይታገሡኝ፤ ከዚያ ወደፈለጉበት ይውሰዱኝ።»

አባባ ለእሷ አልመለሱላትም። ከእሷ በላይ የሆነ ቦታ እያዩ «ሰባቱን ቀን ፈርተህ ነው። አሁንስ አታመልጥም» አሉ። ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ የእሷ መሆኑ ቀረ። ብትለምን እሱ ነው፣ ብታለቅስ እሱ ነው፣ ዝም ብትልም እሱ ነው።

የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነበር። እኔን የለከፈኝ ነገር የለም፤ እኔን ይሰሙኛል። የጂኦግራፊውን ደብተር ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ከጀርባዬ ይዤዋለሁ። አከራያችን እንዝርታቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል፤ እንዝርቱ መሽከርከሩን አቁሟል። እህቴ ከመሬት ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንደዚያ የሚለምን ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«አባባ፣ ቀኑ...» አልኩ።

«የምን ቀን፣ ልጄ?» አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብተሩ መዳፌ ላይ በላብ ራሰ። ያን ቃል አባት ፊት የጠራች ሴት ልጅ አላውቅም፤ በየት በኩል እንደሚጀመርም አላውቅም።

«የፈተናው ቀን ደረሰ ልል ነው» አልኩ።

«ፈተናው ለከርሞም ይደርሳል» አሉ አባባ። «ልጄን ግን ከየት አመጣታለሁ?»

እውነታቸውን ነበር። ልጃቸውን ሊያድኑ ነው የመጡት። እዚህ ላይ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እኔም ዛሬ የምጠላው ሰው ይኖረኝ ነበር። በቅሎዋ ላይ አወጧት። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷትና እሳቸው በነጠላ ቀሩ። እህቴ ድንጋዩን ከነባናው ጋቢው ሥር እንደሸሸገችው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የባሕር ዛፉን ጥግ እስኪያልፉ ድረስ ዘወር ብላ እያየችኝ ሄደች።

ፈተናው ሲጀመር ዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ስለሌለን ቤት ዋልኩ። የትምህርት ቤቱ ደወል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ሲደወል ሲደወል አከራያችንና እኔ ቀና እንልና መልሰን እናቀረቅራለን። በሁለተኛው ቀን እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው «እኔ አሮጊቷ ያፈርኩትን አንቺ በምን አቅምሽ ትደፍሪዋለሽ» አሉኝ። ያጽናኑኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን እሳቸውም ዝም ማለታቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

የሆነውን ቆይቶ ሰማሁት። አባባ ጠበሉ ዘንድ ከእሷ ጋር ጦመው፣ ጥሬ ሽምብራ ብቻ እየቀመሱ፣ ድንጋይ ተንተርሰው ነው የከረሙት። በአራተኛው ቀን ደሙ መጣ። እህቴ ከጠበሉ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ራሷ ቀለለ፣ ሆዷ ሟሸሸ፣ እንባዋ ነጠፈ። አባባ ሲያዩዋት በእንጨት መሬት ላይ ትጭራለች፤ ቀረብ ሲሉ የሒሳብ ጥያቄ እየሠራች ነው። ያን ሰዓት ጓደኞቿ የመጨረሻውን ፈተና አስረክበው ይወጡ ነበር። «አልሞላም» እያሉ አባባ እንደ ሕፃን አለቀሱ አሉ።

ለከርሞ አልተመለሰችም። ጤናዋ እስኪጸና ተብሎ መስከረም አለፈ፣ ጥር ላይ ተዳረች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ያ ሳምንት ሲመጣ ከብቱንም ልጁንም ይዞላት ይወጣል፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ። እኔ ዓመቱን አሳለፍኩ፣ ቀጠልኩ፣ ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ዛሬ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ፋይል አገላብጣለሁ። ቀን በትክክል በመጻፌ መሥሪያ ቤቱ ያመሰግነኛል። ይህን ሲሉኝ የሚሰማኝን ለማንም አልነገርኩም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አባባ ሲያርፉ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ያን ጊዜም አልተነጋገርንም። ዓይኗ ግን አልለቀቀኝም። «ተናገሪ እያለችኝ ዝም አልኳት» እያልኩ ነው የኖርኩት።

ዓርብ ዕለት ልጅቱ ደብተር ልትገዛ ስትወጣ ስልኬን አነሣሁና ደወልኩላት።

«ድንጋዩ ደረሰኝ» አልኳት።

«ጀምራለች» አለችኝ። «እንደኔ ናት፤ ሳምንት ሲቀራት ያ ነገር ይይዛታል። ቀኑን ከጥር ጀምሬ ጽፌዋለሁ፤ ከምስክር ወረቀቷ ጋር አለልሽ። ልነግራት ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔ የሚናገር አፍ ያለኝ ይመስልሻል?»

በስልኩ ውስጥ የአገራችን ነፋስ ይሰማኛል፤ ደጅ ቆማ ነበር።

«ደብተሩን ከጀርባሽ ይዘሽው ነበር» አለች።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አይቼዋለሁ። እንዳታወጪው ነበር እኮ የምለምንሽ። አባባ ፊት እሱን ከምታነቢብኝ ጠበሉን መረጥኩ። ልጅ አልነበርኩም እንዴ? አፍሬ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተናገሪ ይለኛል ያልኩት ዓይን እሱ ነው። እውነቷን ይሁን፣ ወይስ እኔን ለማሳረፍ ያለችው ይሁን፣ አላውቅም። እሷ ሁለቱንም ልታደርግ የምትችል ሰው ናት። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና «ብርድ ላይ አትቁሚ፣ ግቢ» አልኳት።

ልጅቱ ስትመለስ ድንጋዩን ምድጃው ላይ አገኘችው። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እሷም ሆዷን ይዛ፣ ፊቷ ተጨማዶ ነበር፤ ሻጩ በነገራት በማይረባ ነገር ስታለቅስ እንደመጣች ዓይኗ ይናገራል። አጠገቤ አስቀመጥኳት። ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት፤ የእህቴ እጅ ጽሑፍ፣ መስቀልና ክብ፣ መስቀልና ክብ።

«ይኸውልሽ፣ ቀኑ...» አልኩ።

«የምን ቀን?» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ የአባባን ይመስላል።

ድንጋዩን በባናው ጠቅልዬ ሆዷ ላይ አደረግኩላት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ግን ነገርኳት።